ልብ ወለድ ሳነብ ዓይኔ ገጹን ይጨርሳል፣ ሐሳቤ ግን አብሮኝ የለም

ሒሳብ ሠራተኛዋ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ጤና ይስጥልኝ። ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ክፍል እሠራለሁ፤ መኖሪያዬ ከአራት ኪሎ ብዙም አይርቅም። በልጅነቴ መብራት ሲጠፋ በሻማ ሳይቀር ልብ ወለድ የማነብ፣ እናቴ «ዓይንሽን ልታጠፊው ነው» እያለች መጽሐፉን ከእጄ የምትቀማኝ ልጅ ነበርሁ። ዛሬ ያ ሁሉ የለም። ባለፈው ዓመት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ገዝቼ ሦስት ጊዜ ጀመርሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ገና ሳይተያዩ አቋረጥሁት።

የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ዓይኔ መስመሩን ተከትሎ ይወርዳል፣ እጄ ገጹን ይገልጣል፣ ሦስት አራት ገጽ ከሄድሁ በኋላ ግን ማን ለማን ምን እንዳለ አንዲትም ነገር እንዳልያዝሁ አውቃለሁ። ሐሳቤን ስፈልገው መሥሪያ ቤት፣ ያልታረቀ የባንክ ሒሳብ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ተመልሼ አነባለሁ፤ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ይጠፋብኛል። የሚገርመኝ ደግሞ በሥራ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከመዝገብ ቀና ሳልል መቆየት መቻሌ ነው፤ ስለዚህ «ትኩረት የለኝም» ብዬ ለመደምደም አልቻልሁም። ልብ ወለድ ላይ ብቻ ለምን? «ስልክሽን አጥፊ» የሚለውን ምክር ሰምቼዋለሁ፣ አድርጌዋለሁም፤ ስልኩ ጠፍቶም ሐሳቤ ይሄዳል። ራሳችሁ ሞክራችሁ የጠቀማችሁ ነገር ካለ በዝርዝር ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ባቡር ላይ አንባቢ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡42

እኔ የማነበው ቤት ውስጥ ሳይሆን በቀላል ባቡር ላይ ነው። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከአያት ወደ ስታዲየም ስመላለስ፣ አንዱን እጄን መያዣው ላይ፣ ሌላውን መጽሐፉ ላይ አድርጌ ብዙ አጫጭር ልብ ወለዶችን ጨርሻለሁ። በዚህ ልማድ የተማርሁት አንድ ነገር አለ። ጫጫታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የባቡሩ ጉርምርምታ፣ የመኪና ጥሩምባ፣ የዝናብ ድምፅ በፍጹም አያቋርጡኝም፤ ከጎኔ የቆመ ሰው በስልክ ስለ ቤት ኪራይ ሲከራከር ግን አንድ አንቀጽ እንኳ መያዝ ያቅተኛል። የምንረዳው የሰው ንግግር ከማንኛውም ወጥ ድምፅ ይበልጥ ንባብን እንደሚያውክ በብዙ ጥናት የታወቀ ነው፤ ምክንያቱም ቃላቱ ሳንፈቅድላቸው ወደ ውስጥ ይገባሉና ከምናነበው ቃል ጋር ይጋፋሉ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ፒያሳ፣ ፒያሳ» እያለ ቢጮህ ምንም አይደለም፤ ሬዲዮው ላይ ውይይት ከተከፈተ ግን መጽሐፉን አጥፌ መስኮት መመልከት እመርጣለሁ። ስለዚህ ጥያቄዬ፦ እርስዎ ሲያነቡ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ተከፍቶ ይሆን?

ሒሳብ ሠራተኛዋ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡55

እናቴ ከእኔ ጋር ስለምትኖር ተከታታይ ድራማዋን ታያለች፤ በሩን ዘግቼ ብቀመጥም ግድግዳው ቀጭን ነው። ይህን እንደ ምክንያት ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

ወረቀት ወዳጅ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

በቴሌግራም የተላከ ፒዲኤፍ እያነበቡ እንዳይሆን ሰጋሁ። በስክሪን የሚነበብ ነገር አእምሮ ውስጥ አይቀመጥም፤ ጉዳዩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡26

የለም፣ የታተመውን መጽሐፍ ነው የያዝሁት።

የሥነ ልቦና ተማሪ — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

ስድስት ኪሎ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርሁ ነው፤ ጉዳዩ ከትምህርቴ ጋር ስለሚቀራረብ ጥቂት ልበል። በመጀመሪያ ከወረቀት ወዳጅ ጋር በግማሽ ብቻ እስማማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና 54 ጥናቶችን፣ ከ170 ሺህ የሚበልጡ ተሳታፊዎችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ በእርግጥ የወረቀት ንባብ ከስክሪን እንደሚሻል አሳይቷል፤ ነገር ግን ብልጫው የታየው ማስረዳትና ማስተማር በያዙ ጽሑፎች ላይ ነው። ጽሑፉ ትረካ ብቻ ሲሆን ልዩነቱ አልታየም። ስለዚህ የልብ ወለድ አንባቢን ችግር በስክሪን ማሳበብ ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ መሄድ ነው።

ሁለተኛው የሐሳብ መሄድ ራሱ ነው። ጆናታን ስኩለርና ባልደረቦቹ አንባቢዎችን በየመካከሉ እያስቆሙ «አሁን ሐሳብህ የት ነበር?» እያሉ ሲጠይቁ፣ አንባቢዎቹ ከንባብ ጊዜያቸው ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆነውን ሌላ ነገር ሲያስቡ እንደነበር ተገንዝበዋል። ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ ካልተጠየቁ በስተቀር ብዙውን ጊዜ መሄዳቸውን ራሳቸው አለማወቃቸው ነው። እርስዎ «ሦስት አራት ገጽ ከሄድሁ በኋላ አውቃለሁ» ያሉት ይኸው ነው። ሐሳብ መሄዱ የጤነኛ ሰው ሁሉ ነገር ነው፤ ልዩነቱ ቶሎ ከመንቃትና ዘግይቶ ከመንቃት ላይ ነው።

ሦስተኛው፣ ለእርስዎ ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ የማስበው፣ የማሲካምፖና የባውማይስተር ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ያልጨረሱትን ጉዳይ እንዲያስታውሱ ካደረጉ በኋላ ከልብ ወለድ የተቀነጨበ ጽሑፍ አስነበቧቸው። ያልተቋጨው ጉዳይ በንባቡ መካከል እየገባ አስቸገራቸው። ጉዳዩን መቼ፣ የት፣ እንዴት እንደሚፈጽሙት አስቀድመው በዝርዝር የጻፉት ሰዎች ግን ጉዳዩ ገና ሳይፈጸም ሐሳባቸው ተረጋጋላቸው። ያ ያልታረቀ የባንክ ሒሳብ እንዲተውዎት የግድ መታረቅ የለበትም፤ ቀጠሮ ቢሰጡት ይበቃው ይሆናል። ወረቀት ላይ «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የወሩን መግለጫ ከመዝገቡ ጋር አስተያያለሁ» ብለው ጽፈው ከመጽሐፉ ሥር ያስቀምጡት። «ሥራዬን ልርሳ» ብሎ ለራስ መንገር ግን አይሠራም፤ እኔም ፈተና በደረሰ ቁጥር ሞክሬው አልሆነልኝም።

መጽሐፍ ሻጭ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍትን እሸጣለሁ፣ እለውጣለሁም። ስለ አእምሮ የማውቀው ነገር የለም፤ ስለ ገጽ ግን አውቃለሁ። የተነበበ መጽሐፍ ሲመጣልኝ የላይኛውን ጠርዝ ብቻ አይቼ አንባቢው የት እንደቆመ መናገር እችላለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ያለው ወረቀት በጣት ላብ ጠቁሯል፣ ከዚያ በኋላ ያለው እንደ አዲስ ነጭ ነው። ረጃጅም ልብ ወለዶች ላይ ይህ ጥቁረት ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው አንድ ታሪክ ተዘግቶ ሌላ ቤተሰብ፣ ሌላ አገር ሲጀመር ነው። ሰዎች የሚያቆሙት ታሪኩ አስቸጋሪ በሆነበት ቦታ ሳይሆን፣ የለመዱትን ሰው ትተው አዲስ ሰው እንዲለምዱ በተጠየቁበት ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ።

እህቴ፣ ሌላም ነገር ልጨምር። በጥረዛ ጊዜ ገጽ የተዘለለባቸው ወይም ተገልብጦ የገባባቸው መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ያጋጥሙኛል። አንድ ደንበኛዬ «ይህ ደራሲ ግራ ያጋባል» እያለ ለአንድ ወር ያህል ሲያማርር ከቆየ በኋላ 16 ገጽ ጎድሎበት ተገኝቷል። እባክዎ የገጹን ቁጥር ይቁጠሩ።

መምህር ዘፒያሳ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ልጄ ብልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አደርጋለሁ፤ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ጥያቄሽ ውስጥ መልሱ ግማሹ አለ፤ «በመዝገብ ላይ ሦስት ሰዓት እቆያለሁ፣ በልብ ወለድ ላይ አልቆይም» ብለሻል። በመዝገብ ላይ ሐሳብሽ ቢሄድ ምን ይሆናል? ድምሩ እንቢ ይላል። ዴቢትና ክሬዲቱ አይገጥምም፤ መዝገቡ ራሱ «ተመለሺ» ይልሻል። ልብ ወለድ ግን እንዲህ ያለ ድምር የለውም። አንድ ገጽ ሙሉ ሳትገኚበት ብታልፊው የሚቀጥለው ገጽ ዝም ብሎ ይቀበልሻል፤ ጥፋቱ የሚታወቀው ከብዙ ገጽ በኋላ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ የት እንደጠፋሽ አታውቂም። ስለዚህ የጎደለሽ ድምር እንጂ ትኩረት አይመስለኝም፤ ድምሩን አንቺው መሥራት አለብሽ።

ለተማሪዎቼ አደርገው የነበረው እንዲህ ነው። አንድ ትዕይንት ሲያልቅ፣ ማለትም ቦታ ወይም ጊዜ ወይም ሰው ሲለወጥ፣ መጽሐፉን ሳይዘጉ ቀና ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር «ማን፣ ከማን፣ ምን ፈለገ፤ አገኘ ወይስ አላገኘም?» የሚለውን ይመልሱ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ከተሠራ ይቀጥላሉ። ካልተሠራ ወደ ምዕራፉ መጀመሪያ አይመለሱም፤ ወደዚያ ትዕይንት መጀመሪያ ብቻ ይመለሳሉ። አንቺን የሚያደክምሽ ምናልባት ከሩቅ መመለስሽ ነው፤ ሰው አንድን መንገድ አራት ጊዜ ሲሄደው እግሩ እንጂ ዓይኑ አይሠራም።

ቋንቋችን በዚህ ረገድ አንባቢውን ይፈትናል፤ ይህን ደግሞ ስለ ንባብ የሚጻፉ የውጭ ምክሮች አያነሡትም። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «መምህሩ ከገበያ የተመለሰችውን የጎረቤቱን ልጅ በር ላይ ቆሞ ብዙ ሲመለከታት ከቆየ በኋላ ሳይጠራት ገባ» ብዬ ብጽፍ፣ የነገሩ ፍሬ ያለው «ሳይጠራት ገባ» ከሚለው ላይ ነው። እዚያ እስክትደርሺ ድረስ መምህሩን፣ ልጅቱን፣ በሩን፣ ጊዜውን ሁሉ በእጅሽ ይዘሽ መጠበቅ አለብሽ፤ መካከል ላይ ሐሳብሽ ከሄደ የሚቀርሽ ባለቤት የሌለው ግሥ ነው። በዚህ ላይ ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። «አለ» ሲላላ መናገር ነው፣ ሲጠብቅ መኖር ነው፤ «ገና» ሲላላ ጊዜ ነው፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። ምሉዕ አንባቢ ይህን ሳያስበው ከዐውዱ ይለየዋል፤ ግማሽ ሆኖ የሚያነብ ሰው ግን አላልቶ ያነበበውን ለማጥበቅ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሲመለስም ክሩ ይበጠስበታል።

ለዚህ መድኃኒቱን ያወቁት የኔታዎች ናቸው። ልጅ ሳለሁ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ከለየሁ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን፣ ቀጥሎም ዳዊትን ያነበብሁት በአፌ ነው፤ መጀመሪያ ግእዝ ንባብ፣ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ ቁም ንባብ እየተባለ አንዱ ገጽ በሦስት ዓይነት አካሄድ በጉሮሮዬ አልፏል። ድምፅ ያለው ንባብ ማጥበቅና ማላላትን እንድትወስኚ ያስገድዳል፤ ለወሰንሽው ነገር ደግሞ በዚያች ሰዓት መገኘትሽ የግድ ነው። ሁሉንም ድምፅ አውጥተሽ አንብቢ አላልሁም። የምዕራፉን የመጀመሪያ ገጽና ንግግር ያለበትን ቦታ ብቻ በድምፅ አንብቢ፤ የቀረውን ዓይንሽ ይከተላል።

ስለ መጽሐፉ ደግሞ፣ ሻጩ ወንድማችን እውነቱን ነው። አንቺ የያዝሽው የበዛብህና የሰብለ ፍቅር ነው ተብሎ የተነገረሽን መጽሐፍ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ግን የጀመሩት በማንኩሳ፣ ከበዛብህ ወላጆች ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው። አንቺ ፍቅሩን እየጠበቅሽ ስታነቢ ውድነሽ ከፊትሽ ቆማ ሳታያት ታልፊያለሽ። ሐሳብሽ የሄደው ወደ ባንክ ሒሳቡ ብቻ አይመስለኝም፤ መጀመሪያ የሄደው ወደ ሰብለ ነው። ስለ ውድነሽ የተጻፈውን ስለ ውድነሽ ብለሽ አንብቢው።

የሁለት ልጆች እናት — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡50

መምህርን አመሰግናለሁ፤ ስለ ውድነሽ የተናገሩት ልቤን ነካው። የእኔ ችግር ደግሞ ጊዜ ነው። ቅዳሜ ቡና ሳፈላ ከአቦል እስከ በረካ ባለው መካከል አነባለሁ፤ ጀበናው ሲገነፍል መነሣቴ ስለማይቀር ትዕይንት በትዕይንት መሄድን ሳላውቀው ለምጄዋለሁ። ከመቀጠሌ በፊት ያቆምሁበትን አንቀጽ ሳይሆን ከእርሱ በፊት ያለውን አንቀጽ ደግሜ አነባለሁ፤ አለበለዚያ ሰዎቹ ከየት እንደመጡ ሳይገባኝ መካከላቸው እንደተቀመጠ እንግዳ እሆናለሁ።

በአሮጌ ልብ ወለዶች ላይ አንድ ሰው በማዕረጉ፣ በስሙ፣ አንዳንዴም በፈረስ ስሙ ሲጠራ ሦስት ሰው ይመስለኛል። ጉዱ ካሣና ካሣ ዳምጤ አንድ ሰው መሆናቸውን ለመያዝ ዘግይቻለሁ። አሁን ዕልባት የማደርገው ካርቶን ጀርባ ላይ ስሞቹን እጽፋለሁ፤ ማን የማን ልጅ፣ ማን የማን ጭሰኛ እንደሆነ በመስመር አገናኛቸዋለሁ። ለልጆቼ የቤት ሥራ የሚሠራ ነገር ይመስላል፣ ግን ይጠቅማል።

ፈጣን አንባቢ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡30

ይህ ሁሉ ከባድ ነው። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለው ጣሊያናዊ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን ዘዴ ተጠቀሙ፦ ሰዓት ለ25 ደቂቃ ሙሉና አንብቡ፣ ለ5 ደቂቃ ዕረፉ፣ እንደገና ጀምሩ። የማይስብ ገለጻ ሲያጋጥም ደግሞ ዝለሉት። መጽሐፍ ካልያዘኝ ድካሙ የመጽሐፉ ነው።

መምህር ዘፒያሳ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

25 ደቂቃው ለሪፖርትና ለጥናት ደግ ነው፤ እኔም የፈተና ወረቀት ሳርም እንዲህ ያለ ነገር አደርግ ነበር። ታሪክ ግን በደቂቃ አይከፈልም። ሁለት ሰዎች እየተጣሉ ሳለ ሰዓቱ ቢጮህ አንባቢው ከጠቡ ይወጣል፤ ከ5 ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ለመግባት ሌላ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። ሰዓት ከመሙላት ትዕይንት መቁጠር ይሻላል።

ስለ መዝለል፦ የዘለልኸው ገለጻ ዘግይቶ ዋጋውን ይጠይቃል። የአንድን ቤት አዳራሽና እልፍኝ ዘለህ ካለፍህ፣ በኋላ ሰው ከእልፍኝ ሲወጣ ከየት እንደወጣ አታውቅም። ይህን ስል ግን ሁሉንም መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ጨርስ ማለቴ አይደለም። በሕይወቴ ጥዬ የተውኋቸው መጻሕፍት አሉ፤ ከአንዳንዶቹ ጋር ዛሬም አልታረቅሁም።

ወረቀት ወዳጅ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡18

የሥነ ልቦና ተማሪው ስለ ስክሪን ያቀረበውን አንብቤ ቃሌን በከፊል አንስቻለሁ። ስልክ ላይ የሚያውከው ጽሑፉ ሳይሆን በላዩ ላይ የሚመጣው መልእክት ይሆን?

የሥነ ልቦና ተማሪ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡02

መልእክቱ እንደሚያውክ አያጠራጥርም። ዝም ያለ ስልክ አጠገባችን መቀመጡ ብቻ የአእምሮን አቅም ይቀንሳል የሚል እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ታዋቂ ጥናት አለ፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የደገሙት ሁሉ ተመሳሳይ ውጤት አላገኙም። ስለዚህ ስልኩን ሌላ ክፍል ማስቀመጥ ጉዳት የለውም፣ ተአምር ግን አይጠበቅበትም። ጠያቂያችን ይህን አስቀድመው ነግረውናል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ — ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10፡20

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውንና ያልሆነውን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ገጾቹን ቆጠርሁ፤ አንድም አልጎደለም። እውነቱን ለመናገር ቢጎድል ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፉት ሁለት ቅዳሜዎች አራት ኪሎ፣ በ2014 ዓ.ም. ወደተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ። የመጀመሪያውን ቀን አዳራሹንና ሰዉን ስመለከት አንድ ሰዓት አለፈብኝ፤ ንባቡ የያዘኝ በሁለተኛው ሰዓት ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተቀመጥሁና ተሻለኝ። ቤት ውስጥ እናቴን ድራማው እስኪያልቅ ጠብቄ ማንበብ ጀምሬያለሁ፤ እርሷም ይህን ስታውቅ ድምፁን ቀነሰችው፣ ብጠይቃት ኖሮ ገና ድሮ ታደርገው ነበር።

ቀጠሮ የመጻፉ ነገር ካሰብሁት በላይ ሠርቷል፣ ግን በሁሉም ቀን አይደለም። ሥራው ግልጽ ሲሆን ይሠራል፤ ለምሳሌ የወሩን መግለጫ ማስታረቅ። ያስጨነቀኝ ነገር ከአለቃዬ ጋር የተነጋገርሁት ክፉ ቃል ሲሆን ግን መቼና እንዴት ብዬ የምጽፈው አላገኘሁም፤ በዚያ ምሽት ምንም አላነበብሁም።

ከሁሉ የጠቀመኝ የመምህር ድምር ነው። የትዕይንቱን ዓረፍተ ነገር በዕልባቱ ላይ በእርሳስ መጻፍ ጀመርሁ። አምስት ቀን ከጻፍሁ በኋላ መለስ ብዬ ሳየው አንድ ነገር ታየኝ፦ ዓረፍተ ነገሩ የሚያቅተኝ በዘፈቀደ አይደለም። ንግግር አልቆ ስለ ሰው ዘርና ርስት መተረክ ሲጀመር ነው ሁልጊዜ የምጠፋው። በቀደም ጊዜ «መጽሐፉ በሙሉ አልያዘኝም» እል ነበር፤ ያልያዘኝ ግን እንዲህ ያለው ቦታ ብቻ ነው። አሁን ዘር ሲቆጠር ፍጥነቴን ቀንሼ በሹክሹክታ አነባለሁ፣ ስሞቹንም እንደ እህቴ ካርቶን ላይ አሰፍራለሁ። ድምፅ ማውጣት ግን ጎረቤት ስላለ አልተቻለኝም፤ ሹክሹክታ ይበቃ እንደሆነ መምህር ቢነግሩኝ።

በዛብህ ሰብለን ሊያስተምር ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ገብቷል። እዚህ የደረስሁት በአራተኛው ሙከራ መሆኑ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን ትረካ እያዳመጥሁ በመጽሐፉ ብከተልስ?

መምህር ዘፒያሳ — እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡45

ሹክሹክታ ይበቃል፤ ከንፈር መንቀሳቀሱ ነው ዋናው። ዳዊት የሚደግሙ እናቶችን አይተሽ ከሆነ ድምፃቸው ለአጠገባቸው ሰው እንኳ አይሰማም።

ትረካውን በተመለከተ፣ አብረሽ አታስኪጂው እላለሁ። ወጋየሁ እያነበበልሽ ሳለ ማጥበቅና ማላላቱን፣ መቆጣቱንና መለሳለሱን እርሱ ስለሚወስንልሽ የአንቺ ዓይን ሥራ ፈትቶ ይከተላል፤ ያን ጊዜ ሐሳብሽ መሄጃ ያገኛል። ምዕራፉን መጀመሪያ ራስሽ አንብቢ፣ ድምርሽን ጻፊ፣ ከዚያ ያንኑ ምዕራፍ አዳምጪ። አንቺ በቁጣ ያነበብሽውን እርሱ በሐዘን ካነበበው ወደ መጽሐፉ ተመልሰሽ ማን እንደተሳሳተ ፈልጊ። አንዳንድ ጊዜ አንቺ ትክክል ሆነሽ ትገኛለሽ።

መጽሐፍ ሻጭ — እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡10

እህቴ፣ የገጹ ነገር ስላልተሳካ አዝናለሁ። በአካባቢው ካለፉ ለዕልባት የሚሆን ጠንካራ ካርቶን አለኝ፤ ያለ ዋጋ ይወስዱታል። ይህ መጽሐፍ የስሙ ብዛት ከአንድ ካርቶን ያልፋልና ሁለት ይያዙ።